እማዬ፣ ቀብዱን ገና አትክፈይ

ውድ እናቴ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ "አያታችን መቼ ነው የምትመጣው" እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጥተውኛል።

ልትገዢው ያሰብሽውን ቤት ቪዲዮ አየሁት። ደግሜም አየሁት። ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ መስኮት፣ ከበረንዳው ሲወረድ አሸዋ፣ አሸዋው ሲያልቅ ባሕር። ደላላው "ደጅዎ ባሕር ነው" ሲልሽ ልብሽ እዚያው እንደቀረ ገብቶኛል። ዕድሜሽን ሙሉ ለሰው ስትለፊ ኖረሽ አሁን ለራስሽ አንድ ነገር ብትመኚ ማን ይፈርድብሻል? ግን የጠየቅሽኝ እዚህ ባሕሩ አጠገብ ስለምኖር ነው፤ ስለዚህ እንደ አገሬው ሰው ልመልስልሽ። ያንን ቤት አትግዢው። ባሕሩን ግን አትተዪው። በስልክ ብነግርሽ "ደሞ ጀመረህ" ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው በደብዳቤ ያደረግኩት።

ቤቱ ያለበትን ደሴት አውቀዋለሁ። ሥራ በማይኖረኝ ቀን በጀልባ ያልዞርኩበት ደሴት የለም። ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ሲረገጡ ግን ለየቅል ናቸው። በዓለም ላይ አለት የሆነ ደሴት አለ። እንደ ዳህላክ የጥንት ኮራል ደርቆ ድንጋይ የሆነም አለ። ያንቺ ቤት ያለበት ግን አሸዋ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ቀጭንና ረጅም ሆኖ ከየብሱ ትይዩ ተጋድሟል። ከፊቱ ትልቁ ባሕር ነው፣ ከኋላው ደግሞ ጸጥ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃና ረግረግ።

የአሸዋ ደሴት ይሄዳል እማዬ። ቀልዴን አይደለም። በወጀብ ቀን ማዕበሉ ከፊት ያለውን አሸዋ ዝቆ፣ በላዩ አሻግሮ ከኋላ ይደፋዋል። ከፊት ይቀንሳል፣ ከኋላ ይጨምራል። እንዲህ እያለ ቀስ በቀስ ወደ የብሱ ይጠጋል። ደሴቱ በዚህ አይጎዳም፤ እንዲያውም ውሃው ከፍ ሲል ሳይሰምጥ የሚቆየው በዚህ ነው። የሚጎዳው ላዩ ላይ ተተክሎ አልነቃነቅም ያለው ቤት ነው።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ከነጩ ቤት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ባሕሩ ሲጎድል፣ ከአሸዋው ሥር ጥቁር ጭቃ ብቅ ይላል። ጠንከር ያለ ነው፣ ስትረግጪው ግን ትንሽ ሰመጥ ይላል። ውስጡ የሣር ሥር ጥልፍልፍ ብሎበታል፤ በመሃሉም ዛጎሎች እንደ ቆሙ ተቀብረዋል። ያ ሣርና ያ ዛጎል ማዕበል ፊት መኖር አይችሉም። ኑሯቸው ከደሴቱ ጀርባ፣ ረግረጉ ውስጥ ነው። ታዲያ ፊት ለፊት ምን ያደርጋሉ? እነሱ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ደሴቱ ነው በላያቸው አልፎ የሄደው። አለፍ ስትዪ ደግሞ ጨው ያደረቃቸው የዛፍ ጉቶዎች ማዕበሉ መሃል ቆመው ታያለሽ። በፊት ጫካ ነበር ማለት ነው።

ይሄ የእኔ ፍርሃት ብቻ እንዳይመስልሽ። (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።) አሜሪካ ውስጥ ኬፕ ሃተራስ በሚባል ቦታ፣ የአሸዋ ደሴት ላይ፣ ለመርከቦች የሚያበራ ትልቅ የጡብ ማማ አለ። በ1870 ሥራ ሲጀምር ከባሕሩ 450 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። በ1980ዎቹ የቀረው 40 ሜትር እንኳ አይሞላም። ማማው አልሄደም፣ ባሕሩ ነው የመጣው። በመጨረሻ በ1999 መንግሥት ያንን ሁሉ ጡብ ከመሠረቱ ነቅሎ፣ ሐዲድ ላይ ጭኖ፣ ወደ 880 ሜትር ወደ ውስጥ ወሰደው። መንግሥት ነው እሱ፣ አቅም አለው። ያንቺን ቤት ማን ይገፋልሻል?

እዚያው አሜሪካ፣ ሉዊዚያና በሚባለው ግዛት የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ላስት አይላንድ የሚባል ደሴት ነበራቸው፣ የሀብታሞች መዝናኛ፣ ሆቴል ያለበት። ነሐሴ 1856 አውሎ ነፋስ መጥቶ ሆቴሉንም ቤቶቹንም ጠረጋቸው። ወደ 200 ሰው ሞተ። ዛሬ ደሴቱ ራሱ ተቆራርጦ ትናንሽ ደሴቶች ሆኗል፤ የሚኖሩበትም ወፎች ናቸው።

"ግንብ ይሠራ" እንደምትዪ አውቃለሁ፣ ደላላውም ብሎሻል። ግንብ ቤትን ሊያድን ይችላል። ባሕር ዳሩን ግን ይበላዋል። ማዕበሉ ግንቡ ላይ ተላትሞ ሲመለስ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ይዞ ይሄዳል። ጋልቬስተን የተባለችው የቴክሳስ ከተማ በ1900 በአንድ ወጀብ ቢያንስ 6,000 ሰው አጥታ ከ5 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግንብ ሠራች። ቤቶቿንም እያነሳች ከሥራቸው አሸዋ ሞላች። ከተማዋ ተረፈች። ከግንቡ ፊት የነበረው ሰፊ አሸዋ ግን እየሳሳ ሄደና በኋላ ከሌላ ቦታ እያመጡ መሙላት ግድ ሆነ። ደግሞ አሸዋ በዳርቻው ጎን ለጎን ይጓዛል፤ ጎረቤትሽ ግንብ ከሠራ ወደ አንቺ የሚመጣውን ያስቀርብሻል። ከጎረቤት ጋር በአጥር መጣላት የምናውቀው ነው፣ በአሸዋ መጣላት ግን ጉድ ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮው ልመለስ። መቼ እንደተቀረፀ ጠይቀሽዋል? እኔ ልንገርሽ፤ ጸጥ ባለው ወቅት፣ ባሕሩ በጎደለበት ሰዓት ነው። እዚህ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል፤ ደላላ ደግሞ የሰዓቱን ሠንጠረዥ ከአሣ አጥማጅ እኩል ያውቀዋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትሆን ሙላቱ ይበረታል። በወጀብ ወራት ደግሞ ማዕበሉ አሸዋውን ጠርጎ ውሃው ውስጥ ያከማቸዋል፤ አየሩ ሲረጋ መልሶ ያመጣዋል። አንቺ ያየሽው ሰፊ ባሕር ዳር የዓመቱ ግማሽ መልኩ ነው።

ቪዲዮውን ክፈቺና ካሜራው ወደ በረንዳው ሲዞር አቁሚው። ከደረጃው ሥር ደረቅ የባሕር አረም ተጠራቅሟል። ውሃ ነው እዚያ ያደረሰው። ደረጃውንም እይው። የላይኞቹ መርገጫዎች ግራጫ ሆነዋል፣ የታችኞቹ ግን እንጨታቸው ገና አዲስ ነው። አሸዋው ዝቅ ስላለ ደረጃ ጨምረውበታል! እኔ ይሄን ሳይ ሳቄ መጣ። ከዚያ ተናደድኩ።

ባሕሩም በበኩሉ ከፍ እያለ ነው። በዓለም ደረጃ ከ1901 እስከ 2018 ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ጨምሯል። "20 ሳንቲ ምን አላት" ትዪኛለሽ። ለጥ ባለ ዳርቻ ላይ ግን ቁመቱ በትንሹ ሲጨምር ውሃው ወደ ውስጥ የሚገባው ብዙ ነው።

ስለ ውሃ ካነሳን የጉድጓዱን ነገር ላንሳልሽ፤ "የራሱ ጉድጓድ ውሃ አለው" ተብሏልና። በአሸዋ ደሴት ሥር ያለው ጣፋጭ ውሃ ዝናብ ሰርጎ የተጠራቀመ ነው። ከጨው ውሃ ስለሚቀል በላዩ ተንሳፎ ይቀመጣል። ከባሕር ወለል በላይ ለቆመ አንድ ሜትር ጣፋጭ ውሃ ከታች 40 ሜትር ያህል አለ ይላሉ ባለሙያዎቹ። ደስ ይላል፣ ግን ተገላቢጦሽም አለው። በፓምፕ ብዙ ስትስቢ ላዩ ትንሽ ሲወርድ ጨዉ ከታች በብዙ እጥፍ ይወጣል። ጎረቤቶችሽ ሁሉ ፓምፕ ካላቸው አስቢው። ወጀብ በላዩ ካለፈበትም ይበላሻል። የድሮዎቹ የዳህላክ ሰዎች ይህ ገብቷቸው ነው ድንጋዩን ፈልፍለው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ የሠሩት፤ ጉድጓዶቹ ዛሬም ዳህላክ ከቢር ላይ አሉ። አንቺን ደግሞ ሐኪሙ ጨው ቀንሺ ብሎሻል። ወጡ ላይ ስትቀንሺ በሻይ ልትጠጪው ነው?

ጨዉ አየሩም ውስጥ አለ። ከነጩ ቤት አጠገብ ያለውን ቤት የሲሚንቶ ምሰሶ (ኮለን) ቀረብ ብዬ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ቀጭን ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ከስንጥቁ ቡናማ ውሃ ይፈሳል። ከዚያ ልስኑ በቁራጭ በቁራጭ ይረግፋል፣ ፌሮው ይታያል፣ በጥፍርሽ ስትነኪው ይላጣል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ሲሚንቶውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ቀለም ቢቀቡት አይድንም። የአንቺ ቤት ነጭ የሆነው ደግሞ በቅርቡ ተቀብቶ ነው፣ ሠራተኞቹን አይቻቸዋለሁ።

ጀልባውን አልረሳሁትም። ንፋስ ሲበረታ አይሄድም። የጉልበትሽ ሐኪም ያለው የብሱ ላይ ነው። ከዚህ በላይ አልልም።

የቤቱ ወረቀት ግን ሰፋ ያለ ነገር አለው። ካርታው ላይ "በምሥራቅ ባሕር ያዋስነዋል" ብሏል። ያ ወሰን ድንጋይ አይደለም፤ ይንቀሳቀሳል። ባሕር ዳር የሁሉ ነው የሚለው ሕግ ከሮማውያን ጀምሮ ያለ ነው፤ በብዙ አገር ዛሬም ውሃው ሲሞላ የሚደርስበት ድረስ ያለው መሬት የሕዝብ ነው። ስለዚህ ውሃው ወደ ውስጥ ሲገባ የሕዝቡም መሬት አብሮት ይገባል፣ ያንቺ ይቀንሳል። ስፔን በ1988 ባወጣችው የባሕር ዳርቻ ሕግ ቤታቸው በሕዝብ ክልል ውስጥ የወደቀባቸው ሰዎች ባለቤትነታቸው ወደ መጠቀሚያ ፈቃድ ብቻ ተቀይሮባቸዋል። ሜክሲኮ ደግሞ የውጭ ሰው ከባሕሩ 50 ኪሎ ሜትር ድረስ ለመኖሪያ የሚሆን መሬት በቀጥታ በስሙ መያዝ አይችልም፤ በባንክ አደራ በኩል ነው። እያንዳንዱ አገር የራሱ አለው። የእኛውን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ካርታውን ሳያይ አንድ ፊርማ እንዳታስቀምጪ።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ የማስበው እንዲህ ነው። የብሱ ላይ፣ ከባሕሩ ፈንጠር ብሎ ከፍ ያለ ሰፈር አለ። አሣ አጥማጆቹ ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩት እዚያ ነው። ልብ በዪ፣ ኑሯቸው ባሕር ውስጥ የሆነ ሰዎች ቤታቸውን ባሕሩ አፍ ላይ አልሠሩም። ጀልባቸውን ብቻ ነው እዚያ የሚተዉት። ከፊታቸው ማንግሮቭ የሚባለው ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ አለ፣ ማዕበሉን ያደክመዋል። ከሰገነቱ ባሕሩ ይታያል፣ ሌሊት ድምፁም ይሰማል። እዚያ ቤት እንከራይ። መግዛቱ ይቆይ። ከወጀቡ ወራት በፊት ገብተሽ ክፉውንም ደጉንም እይው። ወደድሽው? ያኔ እንነጋገራለን።

ደሴቶቹን ደግሞ እኔ አዞርሻለሁ። ወገቡ ሰፊ፣ ወንበር ያለው ጀልባ የሚያከራይ ሰው አግኝቻለሁ፤ ለመውረጃ መሰላል ሳይሆን ሳንቃ አለው። ባሕሩ ሲጎድል ከየብስ በእግር የሚደረስበት ትንሽ ደሴትም አለ። አሸዋው ጠንካራ ስለሆነ ለጉልበትሽ አያስቸግርም፤ መመለሻ ሰዓቱን ግን እኔ ነኝ የምይዘው፣ አንቺ ወሬ ከጀመርሽ ሰዓት አታውቂም።

ለደላላው ይህን በዪው፤ "ልጄ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ቀን፣ ባሕሩ ሲሞላ መጥቶ ያየዋል።" ከዚያ የደረጃው እንጨት ለምን አዲስ እንደሆነ፣ ቤቱ የወጀብ ኢንሹራንስ እንዳለው ጠይቂው። "ሌላ ገዢ አለ፣ ነገ ይፈርማል" ካለሽ ይፈርም።

እኔም ዛሬ ማታ ወንድሜ ጋ እደውላለሁ፤ እሱን አስቀድመሽ በጎንሽ እንዳታሰልፊው። አንድ ነገር ብቻ ቶሎ ንገሪኝ፤ ስንት ደረጃ መውጣት ትችያለሽ? ያየሁት የኪራይ ቤት ፎቅ ላይ ነው፣ ምድር ቤት ከፈለግሽ ሌላ ልፈልግ።

ናፋቂው ልጅሽ