መንገዱ ከመስፋቱ በፊት መስቀለኛው ይታሰብበት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምጽፍላችሁ አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ካለ ሰፈር ነው። ሰሞኑን ባለሙያዎች መንገዳችንን ሲለኩ ሰንብተዋል። አንዳንዱ አጥር ላይም ቀይ ምልክት ተደርጓል። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብለናል፤ ደስ ብሎናል፣ ስንጠብቀው የኖርነው ነገር ነው። ግን ቁፋሮ ሳይጀመር አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛን ያስቸገረን መስቀለኛው ነው።

ጠዋት ከ12:30 እስከ 2:30 ባለው ሰዓት መጥቶ ያየ ሰው ይረዳኛል። መኪናው እስከ መስቀለኛው ድረስ ደህና ይመጣል፣ እዚያ ሲደርስ ግን ይቆማል። የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ መነሻው እዚሁ ስለሆነ የጭነት መኪናው፣ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚመጣው ሀይገርና ሚኒባስ፣ ባጃጁም ሁሉም እዚያችው ላይ ይገጣጠማል። አንድ ተሳቢ ወደ ግራ ለመታጠፍ መሃል ላይ ከቆመ በቃ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ተዘጋ ማለት ነው፤ ለሚታጠፍ መኪና ለብቻው የተተወ መስመር የለማ። ታክሲው ደግሞ የሚያወርደውም የሚጭነውም ልክ መታጠፊያው ጥግ ላይ ነው። ረዳቱን አልወቅስም። ሌላ መቆሚያ አልተሠራለትም፣ ሰዉም የሚጠብቀው እዚያው ነው። መቆሚያው መስቀለኛውን አለፍ ብሎ፣ ከመንገዱ ገባ ተደርጎ ቢሠራ ብዙ ነገር ይቀላል። ይሄ ሳይስተካከል 2 የነበረው መስመር 4 ቢሆን፣ በ2 ረድፍ የቆመው መኪና በ4 ረድፍ ይቆማል፣ ሌላ ለውጥ አይኖረውም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን እግረኛው ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እኛ ጋ ደግሞ ከ6 መስመር ፈጣን መንገድ የወጣ ሹፌር ያንኑ ፍጥነት ይዞ ነው ሰፈር የሚገባው። ጠዋት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ጠርዙ ላይ ይቆማሉ፤ ትልቋ እጇን ዘርግታ ሲኖትራኩን ትለምናለች፣ አንዱ ሲቆምላቸው ሌላው በጎኑ አልፎት ይመጣል። ያቺ ልጅ አሁን የምታቋርጠው 7 ሜትር ያህል ነው። የትራፊክ መብራት ሲሰላ ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ገደማ ይራመዳል ተብሎ ነው፤ ስለዚህ 6 ሰከንድ ይበቃታል። መንገዱ 30 ሜትር ከሆነ 25 ሰከንድ ያስፈልጋታል። ምርኩዝ የያዙ አዛውንትማ ከዚያም በላይ። ስለዚህ መብራት ይተከል፣ መሃል ላይም ሰው ቆሞ የሚጠብቅበት ከፍ ያለ ማረፊያ ይሠራ። የእግረኛ ድልድይ እንሠራለን እንዳትሉን እለምናለሁ። ቀለበት መንገድ ላይ ድልድዩ እያለ አጥር ዘሎ የሚሻገረውን ሰው ሁላችንም አይተናል፤ ዕቃ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለች፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ያን ሁሉ ደረጃ አይወጣም።

የቀረው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። የመብራት ፖሉ፣ የውሃ መስመሩ፣ የቴሌ ገመዱ መጀመሪያ ይነሳ፣ አስፋልቱ ከዚያ ይልበስ። ለብሶ ያለቀ መንገድ ለውሃ ቱቦ እንደገና ሲቆፈር ማየት ያማል፣ ገንዘቡም የሕዝብ ነው። የጎርፍ ማፋሰሻውም እንዲሁ፤ ቦዩ ተከፍቶ ክረምት ከገባበት ሰፈሩ በሙሉ ጭቃ ነው የሚሆነው። ወሰን ማስከበር ላይ ደግሞ ቀይ ምልክት ያለበት ቤት ባለቤት ብቻ አይጠራ። እዚያ ተከራይቶ ሱቅ የከፈተው ሰው አለ፣ ጥጉ ላይ ጉሊት የምትሸጠው እናት አለች። መቼ እንደሚነሱና የት እንደሚሄዱ ቀደም ብሎ በጽሑፍ ይነገራቸው።

የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። መኪና የሚቆጥሩት ባለሙያዎች እግረኛውንም ይቁጠሩ፣ በተለይ ትምህርት ቤት በሚከፈትባቸው ወራት። ንድፉ ወረዳው ግቢ ውስጥ በሚነበብ መጠን ይለጠፍ። ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት ቢደረግ ሥራ የሚውለውም መገኘት ይችላል፤ የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹና የትምህርት ቤቱ መምህራንም ይጠሩ፣ መስቀለኛውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አንድ የሰፈሩ ነዋሪ
ከቱሉ ዲምቱ አካባቢ