ሣጥኑ ተከፈተ

ውድ የኮሚክ ሰብሳቢዎች ክበባችን አባላት፣

ትናንት አንድ አሮጌ ሣጥን ገዝቼ፣ ሱቄ ውስጥ ስበረብር አመሸሁ። እራቴንም ረሳሁት። ገና ክዳኑን ሳነሳው ያ የድሮ ወረቀት ሽታ ወጣ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ኮሚኮች፣ ማለትም ታሪካቸው በሥዕል የሚተረክ የጀግና መጽሔቶች ናቸው። ጠርዛቸው ቢጫ ሆኗል፤ ያኔ የሚታተሙበት ወረቀት ርካሽና አሲድ ያለበት ነበር። አንዱ ላይ የሆነ ልጅ ለጀግናው በእስክሪብቶ ጢም አውጥቶለታል! ዋጋው ወደቀ ትሉኝ ይሆናል። እኔ እንደሆነ አልሸጠውም።

ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ብቅ ሲል መጽሔቱ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ስፓይደርማን በ1962 ሲመጣ 12 ሆነ። እንዲህ ርካሽ ነገር ያኔ ማን ይሰበስበዋል? ልጆች አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ እናቶች ጠርገው ጣሉት። ዛሬ ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው።

አደራ፣ ኮሚኮቻችሁን ፀሐይ ከሚመታው መደርደሪያ አውርዱ። ፕላስቲክ ውስጥ አድርጉና ከጀርባቸው አሲድ የሌለው ካርቶን ደግፉላቸው። የተቀደደውንም በስኮች እንዳትለጥፉ፤ ሙጫው ቆይቶ ወረቀቱን ያበላሸዋል።

ሣጥኑ ሥር ቀኝ እጁ የጠፋ የፕላስቲክ ጀግና አግኝቻለሁ። ትርፍ እጅ ያላችሁ ቅዳሜ ይዛችሁልኝ ኑ።