ለቧንቧ ውሃው ወዳጄ

ውድ ወንድሜ፣

አብሽር፣ ሰው አልሞተም፤ ብር ልበደርህም አይደለም። ይህን ያህል ጠፍቼ ድንገት ስጽፍ መደንገጥህ አይቀርም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አውፍ በለኝ። ወቀሳውን ደሴ ስመጣ ከአቦል እስከ በረካ ታወርድብኛለህ። አሁን ግን የሚያጣድፍ ነገር አለ። አኳሪየምህ (የዓሣ ገንዳህ) ከቧንቧው በኩል እንደሚያንጠባጥብና አንተም ሲሊኮን ገዝተህ ከውጭ ልትለቀልቀው እንደሆነ ታናሽህ ነገረኝ። ተው እንጂ! ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያደገ ሰው በቧንቧ ይሸነፋል?

ከውጭ የተለቀለቀ ሲሊኮን አይዝም። ውሃው ከውስጥ እየገፋ ይልጠዋል፤ ሲሊኮን ደግሞ መስታወት እንጂ ፒቪሲ (የፕላስቲክ ቧንቧ) አጥብቆ አይዝም። መጀመሪያ ሌባውን ፈልግ። የሚንጠባጠበው ሌላ ቦታ፣ የሚያፈሰው ሌላ ቦታ ነው፤ ውሃው ከላይ ሾልኮ ቧንቧውን ተከትሎ ይወርድና ጎሚቶው (የቧንቧው መታጠፊያ) ላይ ይጠራቀማል። ሁሉንም አድርቀህ በየመጋጠሚያው ሶፍት ጠቅልል። ቀድሞ የረጠበው እሱ ነው። ኖራ የመሰለ ነጭ ዱካ ካየህ ማፍሰስ ከጀመረ ሰንብቷል ማለት ነው።

ግምቴን ልንገርህ? መስታወቱን በስቶ የሚያልፈው መጋጠሚያ ነው፤ ጎሚኒው (የጎማ ቀለበቱ) በዳዶው (በሚዞረው ማጥበቂያ) በኩል ገብቶ ይሆናል። ቦታው ግን ከውስጥ፣ በመጋጠሚያው ሰፊ ከንፈር ሥር ነው። ዳዶው ሥር ከሆነ ስታጠብቀው አብሮ እየዞረ ይጨማደዳል፣ ውሃውም ጥርሱን (ዳዶው የሚዞርበትን ጠመዝማዛ) ተከትሎ ይወጣል።

ከመፍታትህ በፊት ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀል። በጦሳ ተራራ ብርድ ያለ እሱ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ግን እንደበራ ውሃ ከጎደለበት ይሰነጠቃል። ከጠፋም በኋላ ሩብ ሰዓት ውሃው ውስጥ ይብረድ። ከዚያ ውሃውን ከቀዳዳው በታች እስኪወርድ ቅዳ፤ ቀዳዳው ወለሉ ላይ ከሆነ ሁሉንም ማራገፍ ነው። ዓሦቹንና የማጣሪያውን ስፖንጅ በዚያው ውሃ ባልዲ ውስጥ አድርግና የአየር ፓምፑን ቱቦ ክተትላቸው። ስፖንጁን እንዳታደርቀው፣ በቧንቧ ውሃም እንዳታጥበው። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ካለቁ ገንዳው ተጠግኖ ዓሣው ይሞታል።

ጎሚኒው ከደረቀ ወይም ከተጨማደደ ቀይረው። የቀዳዳውን ዙሪያ በጣትህ ዳስስ (ጠርዙ ይቆርጣል፣ ቀስ በል)፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ለማፍሰስ ትበቃለች። ዳዶውን በእጅህ እስኪጠብቅ አዙር፣ ከዚያ ሩብ ዙር ብቻ ጨምር። የቧንቧ መፍቻ ይዘህ ጉልበትህን እንዳታሳይ! አመልህን ስለማውቅ ነው። መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ጎሚኒውም ተጨምቆ ይወጣል። እዚህ ቴፍሎን (ስሱን ነጭ የጥርስ መጠቅለያ) አትጠምጥም፤ ውሃ የሚይዘው ጎሚኒው ነው፣ የጥርሱ ሥራ ማጥበቅ ብቻ ነው። ቴፍሎን ወደ ሳራቺኔስካው (ውሃ መክፈቻና መዝጊያው) ለሚገባው የቧንቧ ጥርስ ነው። የቧንቧውን ጫፍ ወደ ራስህ አዙረህ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ከ3 እስከ 5 ዙር ጠምጥም፤ በተቃራኒው ከሆነ ስታጠብቀው ይተረተራል።

ሶፍቱ የረጠበው በማጣበቂያ የተያያዘ ቦታ ላይ ከሆነ ግን ከላይ ማጣበቂያ ማፍሰስ ዋጋ የለውም። ቆርጠህ አውጣውና በማኒኮቶ (በቧንቧ መቀጠያ) ቀጥለው፦ አድርቀህ፣ ሁለቱንም ወገን ቀብተህ፣ ሩብ ዙር እያዞርክ አስገባና ግማሽ ደቂቃ ያዘው። ውሃ ሳትለቅ አንድ ቀን ይደር። የምትጨምረውንም ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን አሳድረው፣ እንደ ገንዳው ለብ ሲል ጨምር።

ስለዚያኛው ነገር ደግሞ... እ... በደብዳቤ አይሆንም፣ ስመጣ ይሻላል። እስከዚያው አዲስ ሶፍት ጠቅልለህ አሳድረውና ጠዋት ፎቶውን ላክልኝ። ከረጠበም ላክ፣ አልስቅብህም። ትንሽ ብቻ።

ያው የምታውቀው፣
ከኮምቦልቻ