ዘፈን ስትመርጡ የት እንደሰማችሁትም ጻፉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

የመዝናኛ ዓምዳችሁ አንባቢዎች የሚወዷቸውን ዘፈኖች መርጠው እንዲልኩ መጋበዙን ወድጄዋለሁ። የሚወጡትን ዝርዝሮች ግን እምብዛም አልወደድኳቸውም። የላኪው ስም ይቀየራል እንጂ ዝርዝሩ ያው ነው። ጥላሁን፣ ማሕሙድ፣ ብዙነሽ፣ አስቴር፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ጥላሁን። ጎበዝ ዘፋኞች መሆናቸውን ማን አጣው? እኔን የሚያጓጓኝ ላኪው ያን ዘፈን ሲሰማ የት ሆኖ፣ ምን ሲሠራ እንደነበር ነው።

እኔ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ደንበኛ ሲያሳጣኝ የእህቴ ልጅ ስልኬ ላይ ፕሌይሊስት ሊሠራልኝ ቁጭ አለ። «አክስቴ፣ ምን ልጫንልሽ?» ሲለኝ አንድ ሕግ አወጣሁ። አብሮት ሰው የማይመጣልኝ ዘፈን፣ የፈለገ ቢያምር፣ አይገባም።

ይቺ ሕግ ጉድ አፈላች። መጀመሪያ የወደቀው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ልጁ ደነገጠ። «እንዴ! የአገርሽ ልጅ አይደል?» አዎ፣ በ1936 እዚሁ ጅማ ነው የተወለደው። ኢትዮ ጃዝ ሲባል ስሙ የሚነሳው የሱ ነው። ሙዚቃው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገብቶ ፈረንጁን ሁሉ እንዳስደመመ ልጁ በዝርዝር አስረዳኝ። በሆቴልም በቴሌቪዥንም ሰምቼዋለሁ፤ ሲጫወት ግን የማንም ፊት አይመጣልኝም። እኮራበታለሁ። ከዝርዝሬ ግን ወጣ።

ጥላሁን ገብቷል፤ ሰው በሚያለቅስበት ዘፈኑ ግን አይደለም። እሱ ያረፈው በ2001 በፋሲካ ዕለት ነው። በማግስቱ ቤታችን ሬዲዮው ሌላ ዘፋኝ አላሰማም። እናቴ የተረፈውን ዶሮ ወጥ እያሞቀች ነበር። መሃል ላይ አንድ የጭፈራ ዘፈኑ መጣ። ጉልበቴን አመመኝ እያለች ቀኑን ሙሉ የምታማርረው እናቴ፣ ማማሰያውን እንደያዘች ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች። «ለሱ ልቅሶ አይሆንለትም» አለች። የገባው ያ ነው።

ዓሊ ቢራን ያመጣችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ቡና ለቀማ ትውል ነበር። ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ እየለዩ የሚጥሉት ሴቶች ናቸው፤ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ምሳ ላደርስላት ስሄድ የዓሊን ዘፈን ተቀባብለው ሲዘፍኑት እሰማለሁ። እሱ የድሬዳዋ ልጅ ነው። በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛም፣ በሐረሪም፣ በሶማሊኛም ዘፍኗል። ለነዚያ ሴቶች ግን የሰፈራቸው ልጅ ነበር። ግጥሙንም እንደፈለጉ ያደርጉታል። ካቦውን የሚሸነቁጥ ስንኝ ይጨምሩበትና በሳቅ ይፈርሳሉ፤ እሱ ደግሞ ያልሰማ ይመስል ዞር ይላል። ዛሬ ስልኬ የዓሊን የራሱን ሲያሰማኝ የተሳሳተው እሱ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ብስጭቴ። በካሴት ዘመን ሽፋኑን ገልብጬ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን እንደሆነ አነብ ነበር። ሮሃ ባንድን ያወቅኩት ከካሴት ሽፋን ላይ ነው። አሁን ልጁ የሚያወርድልኝ ዘፈን ላይ የተጻፈው የጫነው ሰው ስምና ስልክ ቁጥር ነው። አንዳንዱ ላይ «ትራክ 07» ይላል፣ አለቀ። የዘፋኙ ስም ራሱ የተሳሳተበት አለ። ገጣሚውማ ጭራሽ የለም። ሪሚክስ የሚሉትን ነገር እንኳ ባልናገር ይሻላል።

ስለዚህ በደብተር መያዝ ጀመርኩ። የደንበኞቼን ልክ በምጽፍበት ደብተር በስተኋላ በኩል ነው። በፊት ወገብ፣ ዳሌ፣ የእጅጌ ርዝመት፤ በኋላ ዘፈኑ፣ ዘፋኙ፣ ገጣሚው ከተገኘ ገጣሚው፣ ከዚያ የት እና ከማን ጋር። የእናንተም ዓምድ እንዲህ ቢያደርግ ምን ይጎዳዋል? አሥር ዘፈን ከምታወጡልን ሦስት አውጡና ታሪካቸውን አስከትሉ። የግጥምና የዜማ ባለቤቶችንም ስም አትዝለሉ፤ ይህን ለማጣራት ከእኛ ይልቅ እናንተ ትቀርባላችሁ።

የእኔን ልላክ። ነዋይ ደበበ በካሴት ገኖ በነበረበት ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስንመጣ አውቶቡሳችን ጊቤ በረሃ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ሹፌሩ ያለው የነዋይ ካሴት ብቻ ስለነበር እየገለባበጠ አሰማን። በመጨረሻ ቴፑ ካሴቱን በላው። ሹፌሩ ክሩን በእስክሪብቶ እየጠቀለለ ሲራገም፣ ዶሮ የታቀፈች አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር ዘፈኑን ካቆመበት ቀጠለችው። ተሳፋሪው በጭብጨባ ተቀበላት። እሷም ሞቅ አላትና ሌላ ዘፈን አስከተለች፤ ስለ ጎጀብ ወንዝና ስለ አንድ ማር ቆራጭ የሚያወራ። ሶኮሩ ላይ ወረደች።

ያን ሁለተኛውን ዘፈን የእህቴ ልጅ በዩቲዩብም በቴሌግራምም ፈልጎ አጣው። ደብተሬ ላይ ርዕሱም ዘፋኙም ባዶ ነው። ከአንባቢዎቻችሁ የሚያውቀው ካለ በዚሁ ዓምድ ይጻፍልኝ።

ልብስ ሰፊዋ
ከጅማ