ኦሜፕራዞሉን ለምን እንዳልላክሁልሽ

እትዬ አልማዝ እንዴት ነሽ? እማዬስ? ልጆቹስ? እኔ እግዜር ይመስገን ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ፣ ብርዱም ትንሽ ለቀቅ አድርጎናል።

ሚሚ በቴሌግራም ነግራኛለች። ሻንጣው ሲከፈት ጫማው ወጣ፣ ሽቶው ወጣ፣ የእማዬ ሹራብ ወጣ፣ ኦሜፕራዞሉ፣ ያ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ክኒንሽ፣ ግን የለም፣ አንቺም "ይሄ ልጅ በቃ ረሳን" ብለሽ ቀኑን ሙሉ ኩርፍ አልሽ። ኧረ አልረሳሁም! ብርም አጥሮኝ አይደለም፣ እዚህ እኮ ከሳሙናና ከሻምፖ ጎን ተደርድሮ ነው የሚሸጠው፣ ያለ ሐኪም ወረቀት አንስተሽ ትወጫለሽ። ሆን ብዬ ነው ያልላክሁት። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ሦስቴ ጀምሬ ነበር፣ አንዴ ኔትወርኩ ይቆረጣል አንዴ አንቺ "እሺ እሺ" ብለሽ ወደ ሰርግ ወሬ ትገቢያለሽ፣ በቃ ልጻፈው አልኩ። ሚሚ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ነገሩ የሚጀምረው ከእኔው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) አንድ ሌሊት ደረቴን እሳት የለኮሱበት ያህል አቃጠለኝ፣ እስከ ጉሮሮዬ ወጣ፣ ላብ በላብ ሆንኩ፣ ልቤ ነው አለቀልኝ ብዬ ኢመርጀንሲ ሄድኩ። ለናንተ ያኔ አልነገርኳችሁም፣ ምን ያደርግላችኋል። ልቤን መረመሩ ደሜን መረመሩ፣ ልብህ ደህና ነው ሪፍላክስ ነው አሉኝ፣ ያው እኛ ቃር የምንለው። ኦሜፕራዞል 40 ሚሊግራም ለ8 ሳምንት ተብሎ ተጻፈልኝ። ስምንት ሳምንት! እኔ ግን 6 ዓመት ዋጥኩት። ማንም አቁም አላለኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ፣ ፋርማሲው በየወሩ "መድኃኒትህ ዝግጁ ነው" የሚል ቴክስት ይልካል፣ ሄጄ አነሳለሁ፣ በቃ እንደ ቤት ኪራይ ሆነ።

ታዲያ በነዚያ ዓመታት ምን ስበላ ነበር መሰለሽ። ሺፍቴ የሚያልቀው ሌሊት 6 ሰዓት ነው፣ ከዋሽንግተን ጋራዡን ዘግቼ አሌክሳንድሪያ ቤቴ ስገባ 7 ይሆናል፣ ቀኑን ሙሉ በቡናና በብስኩት ነው የዋልኩት፣ ቀይ ወጡን በዘይቱ አሙቄ ሁለት እንጀራ ጥርግ አድርጌ ሶፋው ላይ ጋደም፣ ከዚያ እንቅልፍ። አሜሪካ ከመጣሁ 14 ኪሎ ጨምሬያለሁ፣ ፎቶ ስልክላችሁ "አማረብህ" ትሉኝ የለ፣ እሱ ነው። ክኒኑን ስውጥ ስለማያቃጥለኝ ደግሞ ምንም የምለውጠው ነገር ያለ አልመሰለኝም።

አምና ዶክተሬ ተቀየረችና አዲሷ ህንዳዊት ናት፣ ገና ፋይሌን ስታይ "ይሄን ለምንድነው የምትወስደው?" አለችኝ። ለቃር። "ስንት ጊዜህ ነው?" ስድስት ዓመት። ብዕሯን አስቀመጠች። እግሬን ይደነዝዘኛል እል አልነበር፣ ደም አስመረመረችኝና ቢ12 ቫይታሚኔ ወርዶ ተገኘ። ይሄ ቫይታሚን ከሥጋና ከእንቁላል ተላቆ እንዲወጣ የጨጓራ አሲድ ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ አሲዱን ለዓመታት ዘግቼ በዚያ ላይ የምጾም ሰው ነኝ፣ ከየት ይምጣ። መቼም ምክንያቱ ክኒኑ ብቻ ነው አላለችኝም፣ ግን ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው አለችኝ። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም በ2010 ስለ አጥንት ስብራት፣ በ2011 ማግኒዚየም ስለማነሱ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል።

ቤት ስገባ ምን አደረግሁ፣ ላንቺ ልልከው የገዛሁትን ካርቶን አንስቼ ጽሑፉን አነበብኩት። ለስንት ዓመት ስልክልሽ አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም እኮ። ለ14 ቀን ብቻ ይወሰድ ይላል፣ መድገም ካስፈለገም 4 ወር ሳይሞላ እንዳይደገም፣ ሐኪም ካላዘዘ በቀር። እኔ ደሴ ድረስ በሻንጣ የምልከው ግን የዓመት ነው። አፈርኩ እውነት።

አሁን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ወጥተው ኩላሊት ይጨርሳል ያጃጅላል እያሉ እንደሚያስፈራሩት እንዳይመስልሽ። ዶክተሯም ስቃብኛለች። ከ17 ሺህ በላይ ሰው ወስደው ለግማሹ የዚሁ ክኒን ዘመድ የሆነውን ለግማሹ ባዶ ክኒን እየሰጡ 3 ዓመት ያህል ተከታትለው በ2019 ውጤቱ ሲወጣ፣ ጎልቶ የተገኘው የአንጀት ኢንፌክሽን ትንሽ በዛ ማለቱ ብቻ ነው። መጥፎ መድኃኒት አይደለም። የምግብ ቧንቧው ክፉኛ የቆሰለ ሰው፣ ወይ የቧንቧው ሽፋን ላይ ባሬት የሚሉት ለውጥ የታየበት ሰው ዕድሜ ልኩን ሊወስደው ይገባል። አብሮኝ የሚሠራ አንድ የአስመራ ልጅ አለ ባሬት ያለበት፣ እኔ ማቆሜን ሰምቶ እሱም ሊያቆም ሲል ተቆጥቼ ነው ዶክተሩ ጋ የላክሁት። እኔ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ የሚታይበት ምርመራ) ገብቼ ቁስልም ባሬትም የለም ስለተባለ ነው ተፈቅዶልኝ የቀነስኩት።

ማቆሙ ደግሞ እንደ ወሬው ቀላል እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ በገዛ እጄ በአንድ ቀን ነበር የጣልኩት፣ በአራተኛው ቀን ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት፣ ከበፊቱ የባሰ ነው ያቃጠለኝ፣ "ይኸው ያለሱ አልኖርም" ብዬ ተመልሼ ልውጥ ነበር። ለካ ጨጓራ አሲዱ ሲታፈን ቆይቶ ድንገት ሲለቀቅ ከልኩ በላይ ያመነጫል። ዴንማርክ ውስጥ ቃር የሚባል ነገር ኖሯቸው የማያውቁ 120 ጤነኛ ሰዎች ወስደው ለግማሾቹ የዚሁ ክኒን ዘመድ የሆነውን ለ8 ሳምንት ሰጥተው ሲያቆሙት፣ ከነሱ 44 በመቶው ቃር ያዛቸው፣ ባዶ ክኒን ሲውጡ ከነበሩት ግን 15 በመቶው። ገባሽ? መድኃኒቱ ራሱ ሲቆም በሽታውን የሚመስል ነገር ያመጣል፣ ሰውም "አልዳንኩም" ብሎ ይመለስበታል፣ እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት ይሞላል። ስለዚህ ዶክተሯ ከ40 ወደ 20 አወረደችኝ፣ ከዚያ አንድ ቀን እየዘለልኩ፣ በመሀል ሲብስብኝ ማታ ፋሞቲዲን የሚባል ሌላ የአሲድ መቀነሻ ክኒን። ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ምግቡን በተመለከተ፣ ሁሉም መጀመሪያ "እንጀራ ተው፣ ይኮመጥጣል" ነው የሚልሽ። እንጀራ አልተውኩም። እኔን የገደለኝ እንጀራው ሳይሆን ሰዓቱና ብዛቱ ነው። ትልቁን ምግብ ወደ ቀን፣ ሺፍት ከመግባቴ በፊት፣ አዞርኩት፣ ማታ ሥራ ላይ እያለሁ 3 ሰዓት ላይ ትንሽ አልጫ ወይ ቅንጬ እቀምሳለሁ፣ ቤት ስገባ ውሃ ብቻ። ከበላሁ 3 ሰዓት ሳይሞላኝ ጋደም አልልም። የመጀመሪያው ሳምንት ረሃቡ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ከዚያ ለመድኩት። ቁሌቱን በዘይት ማጥለቅለቁንም ቀነስኩ፣ በርበሬ ራሱ ብዙም አያስቸግረኝም፣ ዘይትና ቅቤ ሲበዛበት ነው ጉድ የሚሆነው፣ አንቺ ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ምን እንደበላሽ ሚሚ ለሁለት ሳምንት ደብተር ላይ ትጻፍልሽ። ቡናን መተው አልቻልኩም፣ አልዋሽሽም። ግን በባዶ ሆድ መጠጣቱን ተውኩ፣ አቦሉን ብቻ ጠጥቼ ቶናና በረካውን በወሬ አሳልፋለሁ። ፈረንጆቹ ለሆድ ጥሩ ነው ብለው የናና ሻይ ይሰጡኝ ነበር፣ እሱ ጭራሽ አባሰብኝ፣ ናና ለካ በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መሀል ያለችውን በር ላላ ያደርጋታል። እማዬ ማታ ማታ የምታጠጣሽ ወተትም እንደዚያው ነው፣ ሲወርድ ደስ ይላል፣ ቆይቶ አሲድ ያስመነጫል።

አልጋዬን ከራስጌ በኩል 15 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጌዋለሁ፣ ከእግሮቹ ስር እንጨት ሸጉጬ። ትራስ መደራረብ አይሠራም፣ ሆድን አጥፎ ይጫነዋል። ያንቺ አልጋ እንጨት ስለሆነ ጋሼ ራስጌው ስር ጡብ ቢያደርጉልሽ ይበቃል። በግራ ጎንሽ ተኚ ደግሞ፣ እማዬ "ልብን ይጫናል" እንደምትል አውቃለሁ፣ ግን በግራ ሲተኛ ጨጓራው ከቧንቧው ዝቅ ስለሚል አሲዱ ቶሎ አይመለስም። ዘጠኝ ኪሎ ቀንሻለሁ፣ ከሁሉ የረዳኝ እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ፎቶዬን አይታችሁ "ከሳህ ምን ሆንክ" አላችሁኝ እንጂ። ተልባም እጠጣለሁ፣ መድኃኒት ነው አልልም፣ ግን አገር አገር ይሸተኛል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። እትዬ፣ አንቺ ያለብሽ ቃር ነው ወይስ ጨጓራ? እኛ ሁሉንም "ጨጓራዬ" ነው የምንለው፣ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ያንቺ ከእምብርትሽ በላይ ሲርብሽ የሚነድሽ ነው ብለሽኛል፣ የኔ ሽቅብ ወደ ደረት የሚመጣ ነው። ያንቺ ዓይነቱ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። አንድ አውስትራሊያዊ ሐኪም፣ ባሪ ማርሻል፣ ሰው አላምን ሲለው በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው እስኪቆጣ ጠበቀ፣ በኋላ በ2005 ከጓደኛው ጋር ኖቤል ተሸለመ። ይሄ ከተገኘብሽ እኮ መዳን ነው፣ ሁለት ሳምንት ገደማ አንቲባዮቲክ ወስደሽ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል፣ ዕድሜ ልክ ክኒን አያስፈልግሽም። "በሰገራ ተመርምሬ ነጌቲቭ ነኝ" ብለሽኝ ነበር። ያኔ ኦሜፕራዞሉን አቁመሽ ነበር ወይ? ካላቆምሽ ያ ውጤት አያስተማምንም፣ ክኒኑ ባክቴሪያውን ስለሚያዳክመው ይደበቃል። ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ይሄንን፣ 4 ሳምንት በፊት አንቲባዮቲክን ማቆም ያስፈልጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ እኔ ደግሞ በየሻንጣው መደበቂያውን ስልክልሽ ነበር።

ሌላው አወሳሰድሽ ነው። አንቺ እራት በልተሽ ሲያቃጥልሽ እንደ ፓናዶል ነው የምትውጪው። እንደዚያ አይሠራም። ጨጓራ ውስጥ አሲድ የሚረጩ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ፣ ምግብ ሲመጣ ይነቃሉ፣ ክኒኑ ቀድሞ ደም ውስጥ ገብቶ ሲነቁ ነው የሚይዛቸው፣ ስለዚህ ጠዋት ከቁርስ በፊት ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው የሚወሰደው። በጾም ጊዜ ታዲያ እስከ 9 ሰዓት ስለማትቀምሺ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ፣ ንስሐ አባትሽንም አማክሪ።

አንድ ጥፋት አለብኝ። ድንገት ማስቀረት አልነበረብኝም፣ ቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ። ሚሚ ቆጥራ 38 ፍሬ ቀርቷል አለችኝ። ተናደሽ እንዳትጥይው፣ አልቆብሽም ድንገት እንዳትቀሪ፣ በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂና "ይሄን ለምንድነው የምወስደው፣ እስከ መቼ?" ብለሽ ጠይቂ፣ እኔ ስድስት ዓመት ያልጠየቅሁትን። የምርመራውን ብር ለብቻው ልኬያለሁ፣ ለሰርግ እንዳታደርጊው። ምግብ ሲወርድ ደረትሽ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ወይ ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይ ደም ካስታወከሽ ግን ቀጠሮ ምናምን የለም፣ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል።

የእማዬ ጉዳይ ሌላ ነው። እሷ የልቧን አስፕሪን ትወስዳለች፣ በዚያ ላይ ጉልበቷን ሲያማት ዳይክሎፌናክ፣ ሁለቱም ጨጓራ ያደማሉ፣ በዚያ ዕድሜ ኦሜፕራዞሉ ጋሻዋ ነው። እኔ አቆምኩ ብላችሁ የእሷን እንዳትነኩባት! ይልቅ ዳይክሎፌናኩን በሌላ ነገር ይቀይሩላት እንደሆነ ጠይቁላት።

የእሷን ልኬላታለሁ እኮ። የሹራቡን የግራ እጅጌ ፈትሹት፣ ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ነው ያስገባሁት፣ አንቺ ቀድመሽ እንዳታገኚው ነበር። ሰው ሲመጣ ለኔ ነጭ ሽሮ ላኪልኝ፣ በርበሬ ያልነካው፣ ተልባም ካለ ቆልታችሁ።

ወንድምሽ