የእናትሽ ማማሰያ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከጠፋሁ 3 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። እናትሽ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። ወረቀቴ ስላላለቀ ከአሜሪካ መውጣት አልችልም ነበር። መደወል ግን እችል ነበር። የዚያን ዕለት ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። በማግስቱም እንዲሁ። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ አሁንማ ምን ብዬ እደውላለሁ አልኩ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ማማሰያዋ ስለተሰነጠቀች ነው። ታስታውሻታለሽ? በ2004 ዓ.ም. ልሄድ ስል እናትሽ ሻንጣዬ ውስጥ በበርበሬውና በሽሮው መሃል ሸጎጡልኝ። እኔ ኪሎው ያልፍብኛል ብዬ ላወጣት ስል አንቺ ነሽ እጄን የያዝሽኝ። ባለፈው እሁድ ልጄ ሊያግዘኝ ብሎ ዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ከተታት። እንጨት ያን ሁሉ ሙቀት አይችልም። ሳወጣት ከጫፏ እስከ መሃሏ ተከፍላለች። ኩሽና ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ልጁ ደነገጠ፣ አባብዬው እኔም አረፍኩ።

ቤቴን ብታዪው ዕቃ ሞልቶታል። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደመጣሁ ያየሁትን ሁሉ እገዛ ነበር። አብዛኛው ቁምሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ለምሳሌ ሽንኩርት መፍጫ ማሽኑን እዪው። በደቂቃ ይፈጨዋል፣ እውነት ነው። ግን ሽንኩርቱ ውሃ ይሆናል። ድስት ውስጥ ሲገባ መቁላላቱ ቀርቶ ይቀቀላል። ለዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በደረቁ መቁላላት አለበት፤ ውሃ ጠብ እያደረግሽ፣ ቀለሙ እስኪጠቁር። ስለዚህ ወደ ቢላዬና ወደ መክተፊያዬ ተመለስኩ። ዓይኔ ቢያለቅስም ወጡ ወጥ ይሆናል።

እዚያ ድስት ላይ ነው ማማሰያዋ የምትናፍቀኝ። ሁልጊዜ በአንድ በኩል ስለማማስል አንዱ ጎኗ አልቆ ጠፍጣፋ ሆኖ ነበር። ያ ያለቀው ጎን ከድስቱ ቂጥ ጋር ልክክ ይላል። ሽንኩርቱ ሊይዝ ሲል እጄ ከዓይኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ሰሞኑን በብረት ማንኪያ ሞከርኩ፤ ድስቱን ይጭራል፣ እጀታውም ይግላል። ሽሮው ሁለት ጊዜ አረረብኝ።

ሙቀጫዬ አለች። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ኮረሪማም በእሷ ነው። ከታች የሚኖሩት ሰዎች እንዳይረበሹ ፎጣ አጥፌ ከሥሯ አነጥፋለሁ። ኮረሪማ ሲወቀጥ ቤቱ ሁሉ የእናንተን ጓዳ ይሸታል።

ምጣዴን ግን ብታዪው ትገረሚያለሽ። ኖርዌጂያኖች ሌፍሳ የሚሉት የድንች ቂጣ አላቸው፤ እሱን ለመጋገር የተሠራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። እዚህ ብዙ ሐበሻ በእሱ ይጋግራል። ስፋቱ 16 ኢንች ነው፣ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ ልጆቼ የእንጀራ ልክ ያ ብቻ ይመስላቸዋል። ሌፍሳ ስለሚገለበጥ ምጣዱ ክዳን የለውም። የእኛ እንጀራ ግን አይገለበጥም፤ ላዩ የሚበስለው በታፈነው እንፋሎት ነው። ስለዚህ ክዳን ለብቻው ገዛሁ። እንጀራውን የማወጣው በገበታ ምንጣፍ ነው፤ ሰፌድ አላገኘሁም። ዓይኑ ጥሩ ይወጣል። ሸክላ ላይ እንደተጋገረው ግን አይሆንም፣ አልዋሽሽም።

እናትሽ ምጣድ ሊገዙ ቀጨኔ የወሰዱንን ቀን አስታወስኩ። አንዱን ምጣድ በቀኝ እጃቸው አንጠልጥለው በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉ። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። "ይሄ ታሟል" ብለው መለሱት። ሦስተኛው ጠርቶ ሲጮህ ፈገግ አሉ። ስንጥቅ ያለበት ሸክላ ድምፁ ይታፈናል፣ ያን ቀን ነው የተማርኩት። ቤት ስንደርስ የተወቀጠ ጎመን ዘር እያሹበት ሲያሟሹት ዋሉ። ጭሱ ዓይናችንን አቃጠለን። እስኪጠቁርና እስኪያብለጨልጭ ድረስ ሊጥ አላስነኩትም። እኔና አንቺ ራብ ሊገድለን ነበር። የመጀመሪያዋን እንጀራ በትኩሱ፣ በርበሬና ቅቤ ቀብተው ለሁለት ገመሱልን።

ያ ምጣድ አለ? አሁን ማን ይጋግርበታል? አንቺ ከሆንሽ ንገሪኝ፤ እጅሽ ከእሳቸው እጅ እኩል እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። እሳቸው ሳያዩት ምን ለውጠሽ እንደሆነም ንገሪኝ፤ ማሰሻውን ወይ አክምባሎውን።

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። እግዜር ያጽናሽ። ለዚህ ቃል 3 ዓመት ዘግይቻለሁ፤ ሲነጋ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ነጠላዬን ዘቅዝቄ እደውልልሻለሁ። ብትፈልጊ ተቆጪኝ፣ ብቻ ስልኩን አንሺው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ማማሰያ ላኪልኝ። የወይራ እንጨት ይሁን፤ ርዝመቱም ከክርንሽ እስከ ጣትሽ ጫፍ። አዲስ አትግዢ። ጓዳችሁ ውስጥ የተሰቀሉ ነበሩ፤ ከእነሱ ጎኗ ያለቀውን ላኪልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ