ለወጨጫ አዳር ከብርድ ልብሱ በፊት ምንጣፉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ቅዳሜ ወጥቶ እሁድ የሚገባ የተራራ ጉዞ በከተማችን ዙሪያ እየተለመደ ነው፤ ወጨጫ፣ መናገሻ ሱባ፣ የረር። የአዘጋጆቹ ማስታወቂያ ግን ብዙ ጊዜ «ውሃ፣ ስንቅና ብርድ ልብስ ያዙ» ብሎ ያበቃል። ለአዳር ይህ አይበቃም።

የወጨጫ ጫፍ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ መሀል አዲስ አበባን ወደ 1,000 ሜትር ይበልጠዋል። በ1,000 ሜትር ልዩነት 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በኅዳር ከተማው ሌሊት 8 ዲግሪ ሲሆን እላይ 2 ነው፤ ሰማዩ ከጠራ ደግሞ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ሰው ታዲያ ሁለት ሦስት ብርድ ልብስ ተሸክሞ ይወጣና ሥሩ ስስ ነገር አንጥፎ ይተኛል። ሌሊቱን ሙሉ የሚያንቀጠቅጠው ግን መሬቱ ነው፤ ሙቀቱን ከሥር ይመጠዋል። ከጎን በታች የገባ ብርድ ልብስ በሰውነት ክብደት ይጨፈለቃል፤ አየር ካልያዘ አያሞቅም። ስለዚህ ቀድሞ የሚገዛው የስፖርት ምንጣፍ ነው፤ ውፍረቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር ባያንስ። የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም፤ ጤዛ ጠጥቶ ያድርና ጠዋት ሲጨምቁት ይንጠባጠባል።

ጋቢም ቢሆን ጥጥ ነው፤ አንዴ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም። በርኖስ ያለው በርኖሱን ይያዝ፤ ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል። ዳገቱን የወጡበት ካናቴራና ጂንስ እንደደረሱ፣ ላቡ ሳይቀዘቅዝ፣ ይቀየር። ቅያሪውና የሱፍ ካልሲው በስስ ፌስታል አይቋጠሩ፤ ማዳበሪያ ውስጥ የሚኖረው ወፍራም ላስቲክ ታጥቦ፣ አፉ ሁለቴ ተጠምዞ ቢታሰር ዝናብ አያስገባም።

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ12 ኪሎ በላይ ባይሸከም ይሻላል፤ 3 ሊትር ውሃ ብቻውን 3 ኪሎ ነው። የሌሊት ልብስ ከታች፣ ውሃና ምግብ መሀል ላይ ጀርባን ተጠግቶ፣ የዝናብ ልብስ ከላይ። ከባዱ ነገር ወደ ውጭ ከሆነ ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትታል።

ምስር እቀቅላለሁ የሚል ይተወው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ጋዙ ያልቃል እንጂ ምስሩ ቶሎ አይበስልም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ጭኮ የሚተካከለው የለም፤ ግን ቅቤ አለው፣ የጉዞው ወቅት ደግሞ ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማልና ለጿሚው ለውዝ ይያዝ። የምንጭ ውሃ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ።

የቆዳ ጫማ ደጅ አይደር፤ ጅብ ይወስደዋል።

ከሁሉ የከፋው ከሰል ነው። ድንኳን ወይም የተዘጋ ቤት ውስጥ የገባ ማንደጃ፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም፣ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ የተኛው ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት ነው። ለመሞቅ ከተፈለገ የፈላ ውሃ በጠንካራ ኮዳ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በካልሲ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ይሻላል።

አዘጋጆች መኪናው ሳይነሳ ቦርሳ ይፈትሹ፤ ምንጣፍ ለረሳ ሰው የሚከራይ ሁለት ሦስት ትርፍ ይያዙ። ከሰል የያዘ ካለ ግን እዚያው አውርዶ ይምጣ።

አንባቢያችሁ፣ ከቡራዩ